በየስንኙ መጨረሻ

ድምፅ የሚቀርጽ አንድ ሰው ነበረ። በአንድ ጥር ወር፣ ለሰርግ ሁለት ሳምንት ሲቀር፣ የአንድን ሽማግሌ ድምፅ ስንኝ በስንኝ ቆርጦ ወደ ፊት ሳበው። ሽማግሌው አላወቀም። ሚስቱ ግን አወቀች።

ትርሲት፣ ዛሬ ከክፍል ስንወጣ የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። ቀረጻው ካለቀ በኋላ በኮምፒውተሩ ላይ የትኛውን ገጽ ከፍቼ ልሥራ፣ ድምፅ የሚቆረጥበትን የኤዲቲንጉን ወይስ ድምፆች የሚመጣጠኑበትን የሚክሲንጉን ብለሽኛል። በአንድ ቃል ብመልስልሽ ነገ ትረሺዋለሽ። ስለዚህ የሆነውን ልንገርሽ።

የባለሙያው ስቱዲዮ በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ነበር። ሥራው ጥንቅቅ ያለ ነው ይባልለታል። አንድ ቀን ጠዋት ሽማግሌውና ሚስቱ መጡ። ሁለቱ በከተማው የታወቁ ነበሩ፤ የጎረቤት ልጅ ሲዳር ቆመው የሚዘፍኑት፣ ከወላጆቻቸው የወረሱት የመሸኛ ዘፈን ነበራቸው። አሁን የምትዳረው የገዛ ልጃቸው ናት። ንግግሩን ሁሉ ያደረገችው ሚስትየዋ ናት። አዳራሹ ትልቅ ነው፣ ባንድ አለ፣ ጫጫታ አለ፤ ስለዚህ ዘፈኑ አስቀድሞ ይቀረጽልንና በሰርጉ ቀን በድምፅ ማጉያ ሲለቀቅ እኛ ቆመን በላዩ እንዘፍናለን አለች። ሽማግሌው ከጎኗ ሆኖ እያያት ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

ባለሙያው በመስታወት የተለያዩ ሁለት ክፍሎች ነበሩት። ባልን በአንዱ፣ ሚስትን በሌላው ሊያስቀምጥ ሲል እምቢ አለች። ፊት ለፊት ካልተቀመጥን አንዘፍንም አለች።

«እማማ፣ ዛሬም ዓይን ለዓይን ነው እንዴ?» አላት።

«ከአርባ ዓመት በኋላ ፊትህን አዙር ልበለው?»

ሳቀና ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አደረገላቸው። ማይኮቹን ወደየአፋቸው አስጠጋ፣ ለእያንዳንዳቸውም ሄድፎን ሰጠ። ወደ ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ጆሮውን በጣቱ እያሳየ ይሰማል ወይ ሲለው፣ ሽማግሌው «በጣም ጥሩ ነው» አለ። ዘፈኑን ደጋግመው ዘፈኑት። ሊወጡ ሲሉ ሽማግሌው የባለሙያውን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«ድምፄን አደራ» አለው።

ባለሙያው ዕቃውን ሲሰበስብ የሽማግሌው ሄድፎን ገመድ ከምንም ጋር ሳይገናኝ ወለሉ ላይ ተጋድሞ አገኘው። ብቻውን ሳቀ። ሽማግሌው ይሉኝታ ይዞት ነው፣ ሰው ላለማስቸገር ነው ብሎ አሰበና ነገሩን ተወው።

ከዚያ የኤዲቲንጉን ገጽ ከፍቶ ተቀመጠ። ያንን ገጽ ታውቂዋለሽ። ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ድምፅ እንደ ተራራ ሰንሰለት ተስሎ ይታያል፤ የት እንደጀመረና የት እንዳለቀ በዓይን ይለካል። መጀመሪያ የሠራው ሥራ ትክክል ነበር። ከመናኸሪያው የገባ የአውቶቡስ ክላክስ ቆርጦ አወጣ። ሲጥ የሚል የወንበር ድምፅ አጠፋ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ሌላ ነገር ሄደ። የሚስትየዋ ድምፅ ከላይ፣ የባልየው ከታች ተዘርግቷል፤ የባልየው ሁልጊዜ ከእሷ ጥቂት ዘግይቶ ይጀምራል። አንድ ቦታ ላይ ቢሆን ይታለፋል። ሁሉም ስንኝ ላይ ነው። እሷ ደግሞ በየስንኙ መጨረሻ የመጨረሻዋን ቃል ታስረዝማለች፤ ድምፅዋ እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል። ባለሙያው የእሱን መዘግየት እርጅና ነው አለ፣ የእሷን መሳሳት የትንፋሽ ማጠር ነው አለ። ለሁለቱም አዘነ። ልብ በዪ፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ሽማግሌውን ከእሷ እኩል እስኪቆም ስንኝ በስንኝ ወደ ፊት ሳበው፤ የእሷንም የረዘመ ጫፍ በየመጨረሻው ቆረጠው። ሲጨርስ ሁለቱ ተራሮች እኩል ጀምረው እኩል ያልቁ ነበር። ስጦታ የሠራላቸው መሰለው።

ሚስትየዋ ልትሰማ ብቻዋን መጣች። አባባስ ብሎ ሲጠይቃት፣ እኔ ከሰማሁት ለእሱ ይበቃዋል አለችው። ዘፈኑን ከፈተላት፤ እስከ መጨረሻው ሰማች። እንደገና ክፈተው አለች። በሁለተኛው ላይ ድምፅ ሳታወጣ አፏን እያንቀሳቀሰች አብራ ዘፈነች። ዓይኗ ፊት ለፊቷ ባለው ባዶ ወንበር ላይ ነበር። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ አፏ ቆመ።

«ጎበዝ ነህ፣ ልጄ» አለች። «እሱ ግን እንዲህ አይደርስም።»

ባለሙያው ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረው። ይህ እርስዎ ነዎት፣ ይህ እሳቸው ናቸው፤ በፊት በዚህን ያህል ይዘገዩ ነበር፣ አሁን እኩል ሆናችሁ ብሎ አሳያት። እሷ የማታውቀውን ሰው ፎቶግራፍ እንደምታይ ሁሉ ጎንበስ ብላ ሥዕሉን አየችው። ከዚያ የአንዱን ስንኝ መጨረሻ በጣቷ ነካች።

«እዚህ ጋ እኮ እጠብቀው ነበር። የምጠብቅበትን ወሰድክብኝ።»

ሰው ሲሰማ አባባ ኋላ ቀሩ ይላል ብሎ ሊያስረዳት ሞከረ። እሷ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ሰው ያሻውን ይበል። ሰርጉ ላይ እሱ የሚዘፍነው እንደ ልማዱ ነው። ያንተ ማጉያ ደግሞ ቀድሞት ሊዘፍን ነው። በአማቾቻችን ፊት ሰውየውን ከገዛ ድምፁ ኋላ አታቁምብኝ።»

ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ለሰርጉ የቀረው ጥቂት ቀን ነበር።

የተቀረጸው እንዳለ ነበር። ፕሮግራሙ ላይ ቢቆረጥም ዋናው ቅጂ አይጠፋም፣ ይህን ተምረሻል። ባለሙያው ክላክሱንና የወንበሩን ድምፅ እንደወጡ ትቶ፣ ሌላውን የሳበውንና የቆረጠውን ሁሉ ወደ ቦታው መለሰ። ከዚያ የሚክሲንጉን ገጽ ከፈተ። እዚያ ገጽ ላይ ተራራ የለም። ማን እንደቀደመ፣ ማን እንደዘገየ አይታይም። ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ዓምድ፣ በዓምዱም ላይ ድምፁን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉበት አንድ መግፊያ አለ። ዓይኑ የሚሠራው ስላጣ መስማት ግድ ሆነበት። ዘፈኑን ምንም ሳይነካ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማው።

ያን ጊዜ ያላስተዋለው ነገር ተሰማው። ሚስትየዋ ትንፋሽ አላጠራትም። የስንኙን መጨረሻ የምታስረዝመው እሱ እስኪደርስ ይዛለት ነው፤ ሲደርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቦታውን ትለቅለታለች። በየስንኙ የመጨረሻ ቃል ላይ ጎልቶ የሚሰማው እሱ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እሱን ሳትጠብቅ ያለፈችው አንድም ስንኝ አልነበረም።

ባለሙያው የሽማግሌውን መግፊያ በጥቂቱ ከፍ አደረገ። የእሷን አልነካም። ሥራውን በዚያው ዘጋ።

ሰርጉ ተደረገ። ዘፈኑ ተለቀቀ፤ ባልና ሚስት አዳራሹ መሀል ፊት ለፊት ቆመው በላዩ ዘፈኑ። ከማጉያው የሚወጣውና ከአፋቸው የሚወጣው አንድ ሆነ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ የለየ ሰው አልነበረም። ሙሽራዋ አለቀሰች። ከወንዱ ወገን የመጣች አንዲት ሴት፣ በዚህ ዕድሜው ዓይኑን ከሚስቱ ፊት የማይነቅል ሰው አይቼ አላውቅም ብላ ወደ ባሏ ዞረች፤ አንተ እኮ ጠፍቼ ብውል ጥብስ ሲቀርብ ነው የምታስታውሰኝ አለችው። በጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት ሳቁ።

እንግዲህ ትርሲት፣ ጥያቄሽ ከዚህ ጋር አንድ ነው። ሁለቱ ገጾች የሚያሳዩሽ ያንኑ ዘፈን ነው፤ አንዱን ዘግተሽ ሌላውን ስለከፈትሽ ዘፈኑ አይለወጥም። የሚለወጠው እጅሽ የሚያምረው ነገር ነው። የኤዲቲንጉ ገጽ እያንዳንዱ የት እንደቆመ ስለሚያሳይሽ ማሰለፍ ያምርሻል። ክላክስ ሲገባ መቀሱን አንሺ፣ አልከለክልሽም። ከዚያ በፊት ግን ሌላውን ገጽ ከፍተሽ፣ እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርገሽ፣ ሰዎቹ አንዱ ለሌላው ምን እንደሚያደርግ ስሚ። ይህን የምልሽ ለስቱዲዮ ብቻ አይደለም። በሰውና በሰው መሀል ባዶ ቦታ አይተሽ ልትዘጊው ስትነሺ፣ አንዱ ሌላውን የሚጠብቀው እዚያ ላይ እንዳይሆን መጀመሪያ አጣሪ።

አንድ ነገር ይቀራል። ሽማግሌው ከሰርጉ ሁለት ዓመት በኋላ ሞተ። ባለሙያው ለቅሶ ሊደርስ ሄዶ ከሚስትየዋ አጠገብ ተቀመጠ፣ ያን ጊዜ ነገረችው። ባሏ ወደ ስቱዲዮው ሲመጣ መስማት ሙሉ በሙሉ ካቆመ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር። ዜማውን ጉሮሮው ያውቀዋል፤ መቼ እንደሚጀምር የሚያውቀው ግን ከንፈሯን አይቶ ነው። ልጆቻቸው ጆሮው ደከም እንዳለ ብቻ ነበር የሚያውቁት፣ እሱም ከዚያ በላይ እንዲያውቁ አልፈለገም። በሰርጉ ቀን አዳራሹ ውስጥ ከነበረው ሰው ሁሉ ያን ዘፈን ያልሰማው እሱ ብቻ ነበር።