የተተረተረው ድሪቶ

አንድ ጊዜ አንዲት አህያ ከውርንጭላዋ ጋር በገደል ሥር ትኖር ነበር። ባሏ ጅብ ባየ ቁጥር ቀድሞ የሚፈረጥጥ፣ ኋላም ፈርጥጦ የቀረ ነውና «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» የሚለውን ተረት ከራሷ ትዳር ተምራዋለች። እናትና ልጅን ያኖራቸው በራቸው ላይ የተንጠለጠለው ድሪቶ ነበር። የአህያዋ እናት ቢጫና ጥቁር ቁርጥራጭ ጨርቅ ደራርታ የሰፋችው ነው። አያ ጅቦ ከሩቅ ሲያየው የነብር ቆዳ እየመሰለው መንገዱን ያሳብራል። ጠጋ ብሎ ማጣራት አይታሰበውም።

አንበሳ ለዙፋኑ ልብስ ጥልፍ ፈልጎ አዋጅ አስነገረ። በትንሽ ጨርቅ ላይ ጠልፎ ናሙናው ንጉሡን ደስ ያሰኘ፣ ደጁን የንጉሥ ዘብ ይጠብቅለታል ተባለ። አህያ እንቅልፍ ጠግቦ ማደር አማራት። ነጭ ጨርቅ ወጥራ የድሪቶውን ንድፍ በመርፌ ትጠልፍ ጀመር። ጥቁሩ ክር በቃት፤ ቢጫው ግን ሥራው ሳይጋመስ አለቀ።

ይህን ጊዜ ቀበሮ መጣ። መርፌ ይዞ አያውቅም፤ ምላሱ ግን ከመርፌ ይሰላል።

«እትዬ አህያ፣ ቢጫው በርሽ ላይ ተንጠልጥሎ ምን ያስጨንቅሻል?»

«እሱማ የእናቴ ነው፤ አያ ጅቦን የሚመልስልኝ።»

«የንጉሥ ዘብ ደጅሽ ከቆመ ቡትቶ ምን ያደርግልሻል?»

ሲጫን የኖረ ጀርባ የሚያሳርፈውን ቃል ሁሉ ያምናል። አህያ ድሪቶውን አውርዳ ቢጫውን ቁራጭ ሁሉ ክር በክር ተረተረችው። ጥልፉ እጅግ አማረ። ቀበሮም በጭቃ ሰኮና ግቢ እንደማይገባ ነግሯት፣ ላድርስልሽ ብሎ ወሰደው። አንበሳ ፊት ሲደርስ የእጄ ሥራ ነው አለ። ዘቡም ሄዶ የቀበሮ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆመ።

አህያ ውርንጭላዋን ቤት ትታ ዘቡን ልትቀበል መንገድ ወጣች። ብትጠብቅ ብትጠብቅ የሚመጣ የለም። ሲመሽ አያ ጅቦ በደጇ አለፈ።

«ነብሩ ቤት ለቋል መሰለኝ» አለና ገባ።

ስትመለስ ከልጇ የቀረላት ሰኮናው ብቻ ነበር።

በማግስቱ አንበሳ ፊት ቀርባ ሁሉንም እያለቀሰች ተናገረች። አንበሳ ናሙናውን አገላብጦ ተመለከተ።

«ሥራው ያንቺ ከሆነ ደግ ነው፤ የቀረውን የዙፋን ልብስ አንቺ ትጨርሻለሽ። ዘቡ ግን ተሰጥቷል፤ የንጉሥ ቃል አይታጠፍም» አላት።

አህያ ቤቷ ገብታ መርፌዋን አነሳች። ከድሪቶው የተረፈውን ጥቁሩንም ተረተረችው፤ በሯን የምትጋርድለት አልነበራትም።

ከዚህ የምንማረው፣ አዲሱ ጠባቂ ደጃችን ሳይቆም አሮጌውን ከተረተርን፣ የምናለቅስበትን እንጂ ሰምቶ የሚደርስልንን እንደማናገኝ ነው።