ፈረሱን ያስቀደመው ሰው

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህር ላቀው፤ ተማሪያቸው ይሄይስ፣ «ሁሉ የሚሄድበትን ትቶ የራሱን መንገድ የሚይዝ ሰው ትዕቢተኛ አይባልም ወይ?» ብሎ ቢጠይቃቸው።

አንድ ሰው ነበረ፤ ቼዝ የሚወድ። ጥቁሩ ጠጠር ሲደርሰው እንደ ሌላው ሰው ወታደር ገፍቶ መሐሉን አይዘጋም፤ ፈረሱን ብቻውን ወደ ሜዳ ያወጣል። የነጩ ወታደሮች ያሳድዱታል፤ ፈረሱም ይሸሻል። በዚህ አያያዙ የተነሣ እርሱን ያላሸነፈ የሰፈር ሰው አልነበረም። «ተው፣ ይሄ መከላከል ሳይሆን መሸሽ ነው» ይሉታል። እርሱ ግን በተሸነፈ ቁጥር ቤቱ ገብቶ ጠጠሮቹን እንደገና ይደረድርና የወደቀባትን ቦታ ይፈልጋል። ሲያገኛት ደስ ይለዋል።

ከዓመታት በኋላ ከተማው ከጎረቤት ከተማ ጋር ተጋጠመ። እኩል ለእኩል ሆኑና የመጨረሻው ጨዋታ በእርሱ ላይ ወደቀ፤ ያውም በጥቁር፣ ያውም ተሸንፎ ከማያውቅ አንድ ባለጸጋ ጋር። የከተማው ሽማግሌ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ የሁላችንም ስም በእጅህ ነው። ዛሬ እንኳ እንደ ሰዉ ተጫወት» አሉት።

ሽማግሌውን ያከብራቸው ነበር። እጁን ወደ ወታደሩ ዘረጋ፤ ሳይነካው ቆመ። ያን መንገድ ባለጸጋው ከእርሱ ይልቅ ያውቀዋል። እጁን መለሰና ፈረሱን አነሣ።

ባለጸጋው ፈገግ አለ። ወታደሮቹን እያከታተለ ፈረሱን አሳደደ። ፈረሱ ሸሸ፤ ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ወታደሮቹ ግን ከወገናቸው እጅግ ርቀው ነበር። ደጋፊ አጥተው አንድ በአንድ ረገፉ፤ ንጉሣቸውም የሚሸሸግበት አጣ። ባለጸጋው ተነሥቶ እጁን ጨበጠውና፣ «ይህን ማን አስተማረህ?» አለው።

«ያሸነፉኝ ሁሉ» አለ ሰውዬው፣ ከኋላው የቆሙትን የሰፈሩን ሰዎች በኩራት እያሳየ።

መምህር ላቀው ወደ ይሄይስ ዞሩ። «ያ ሰው ፈረሱን ያስቀደመው ከሰው ለመለየት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ በመጀመሪያው ሽንፈት በተወው ነበር። አንተም የያዝኸውን መንገድ እንዲሁ መርምረው። የት የት እንደሚጥልህ ታውቃለህ? ወድቀህበት ተነሥተሃል? እንግዲያስ መንገዱ ያንተ ነው፤ ቀና ብለህ ሂድበት። ትዕቢተኛ ነው የሚልህ ቢመጣ፣ እኔ ተማሪዬ ነው እላለሁ።»