የቢረሌ ልጆችና ጥርሳሙ ጭራቅ

አታምኑኝም። የምበላው ቂጣ ይነቀኝ፣ አታምኑኝም።

ድሮ፣ ተራሮች ገና ቁመታቸውን ሳይጨርሱ፣ በእኛ መንደር ሰው ሁሉ የከበረ ድንጋይ ቆፋሪ ነበር። ከጉድጓድ የሚወጣ ድንጋይ አቧራ ለብሶ ስለሚመጣ ሳይላስ አይታመንም፤ ምራቅ ሲነካው ነው ቀለሙ የሚወጣው። የመንደሬ ሰው ጨረቃን ያልላሳት መሰላል ስላጠረው ብቻ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ጭራቅ መጣ። ጢሙ ውስጥ የገቡ ፍየሎች እዚያው ወልደው፣ ልጆቻቸውም ወልደዋል። መጣና የጉድጓዱ አፍ ላይ እንደ ክዳን ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ከሥር ማን ቀረ? የትርንጎ አባት፣ ቸሬ።

ትርንጎ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ ከጭራቁ አውራ ጣት ታንሳለች። ሄዳ ፊቱ ቆመች።

"አያ ጭራቅ፣ አባቴን ልቀቅልኝ።"

"እራቴን ልልቀቅ? በጥርሴ የማልሰብረው ነገር ካመጣሽ ውሰጂው። ከሰበርኩት ግን እሱ እራት፣ አንቺ ቁርስ።"

ሮጣ የአባቷን ከረጢት አመጣች። አንድ ድንጋይ አውጥታ ላሰችው፤ እንደ ማር ቢጫ ሆነ።

"አያ ጭራቅ፣ መጀመሪያ ልሰህ እየው።"

"ባላገር ይልሳል፣ ጭራቅ ይነክሳል!" አለና ነከሰ። ቋ! የፊት ጥርሶቹ ረገፉ።

"በገዛ ፈቃዳቸው ነው የወረዱት" አለ። "ቢጫ አይቆጠርም። ሌላ አምጪ።"

ሌላ አውጥታ ላሰችው፤ እንደ ጠራ ሰማይ ሰማያዊ ሆነ።

"አያ ጭራቅ፣ መጀመሪያ ልሰህ እየው።"

"ባላገር ይልሳል፣ ጭራቅ ይነክሳል!" ቋ! መንጋጋዎቹ ረገፉ።

"በገዛ ፈቃዳቸው ነው የወረዱት። ሰማያዊ አይቆጠርም። ሌላ አምጪ።"

ከሥር አባቷ ሲያስል ተሰማት። ሦስተኛውን አውጥታ ላሰችው፤ እንደ ዝናብ ማግስት ሣር አረንጓዴ ሆነ። መረግድ የሚሉት ይሄን ነው።

"አያ ጭራቅ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልንገርህ፣ ልሰህ እየው።"

"ባላገል ይልፋል፣ ጭላቅ ይነክፋል!" ቋ! ክራንቻዎቹም ሄዱ።

"አየህ አያ ጭራቅ" አለችው፣ "ብትልሳቸው ኖሮ ታውቃቸው ነበር። ሦስቱም ቢረሌ የሚባለው ዕንቁ ናቸው፤ የአንድ እናት ልጆች፣ የተለያየው ልብሳቸው ብቻ ነው። በል አሁን አባቴን በምንህ ትበላዋለህ?"

ጭራቁ ድዱን ዳበሰው። እንደ ሕፃን ድድ ለስልሷል። እያለቀሰ ተነስቶ ሲሮጥ ፍየሎቹ ከጢሙ እየዘለሉ ወደየቤታቸው ገቡ። እሱ ዛሬም ከተራራው ማዶ አጥሚት እፍ እያለ ይጠጣል።

ቸሬ ከጉድጓዱ ወጣ። መንደሩ እየተሻማ ነገረው፤ ጭራቁን ያባረረችው ይቺ አቧራ የለበሰችው ናት፣ ልጅህ ናት። ቸሬ ግን የእኛ መንደር ሰው አይደል? ጎንበስ ብሎ ጉንጯን ላሰና ወደ ሕዝቡ ዞረ፦

"እውነተኛ ናት! አንድም ስንጥቅ የለባትም!"