የጉልበት ቁጥር

ወይንሸት ከጤና ጣቢያ ጡረታ የወጡትን ጎረቤቷን ጋሽ ታፈሰን ጠየቀቻቸው። «ባሌ ከእኔ ጋር ማውራት ካቆመ ዓመት ሞላው። ሲጠየቅ ‹ምንም አልሆንኩም› ይላል። ዝም አለኝ ብል ማን ሽማግሌ ይሰበሰብልኛል? ባይመታኝም መታኝ ብዬ ብጠራቸውስ ጋሼ? ለትዳሬ ብዬ እኮ ነው።»

ጋሽ ታፈሰ እንዲህ አሏት፦

አንድ ጸሐፊ ነበረ፤ ካርድ ክፍል የሚሠራ። እያንዳንዱ ሕመም ቁጥር አለው። ቁጥሩ ካርዱ ላይ ካልተጻፈ የጤና መድኑ አይከፍልም። አንድ ቀን አንድ አዛውንት ሸማኔ መጡ።

«ምንዎን ነው የሚያምዎት?» አላቸው።

«ተመስገን፣ ምንም። ታናሼ በድንገት ሞተብኝ፤ እስቲ እኔም ልታይ ብዬ ነው።»

ጸሐፊው ጨነቀው። ላልታመመ ሰው የሚሆን ቁጥር አያውቅም። እንዲሁ ሊመልሳቸውም አልጨከነም። «አባባ፣ ጉልበቴን ነው ይበሉ» አለና የጉልበት ሕመምን ቁጥር ጻፈላቸው። ደግ የሠራ መስሎት ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ዋለ፤ ሞኝ!

ሐኪሟ ካርዱን አነበበች። ወረፋው ረጅም ነበር። ጉልበታቸውን ነካክታ ቅባት አዘዘችላቸው። የደም ግፊታቸውን የለካ የለም። እሳቸውም ጸሐፊውን ላለማስወቀስ ብለው ስለ ወንድማቸው ትንፍሽ አላሉም። አመስግነው ወጡ።

በአምስተኛው ወር በቃሬዛ አመጧቸው። ደም ግፊት ጥሏቸው ግማሽ አካላቸው አልንቀሳቀስ ብሏል፤ ምላሳቸውም ተሳስሯል። ሐኪሟ ካርዳቸውን ብታገላብጥ ከጉልበት በቀር የተጻፈ ነገር የለም። የዚያን ዕለት ጸሐፊው የሕመሞቹ ቁጥር የተዘረዘረበትን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አነበበ። መጨረሻው ገጽ ላይ «ሳይታመም ለምርመራ የመጣ» የሚል ቁጥር ነበረ። መድኑም ይከፍልበት ነበር። ያን ገጽ አንድም ቀን ገልጦት አያውቅም።

ጋሽ ታፈሰ ይህን ብለው ወደ እሷ ዞሩ።

«ወይንሸት፣ ያን ቁጥር የጻፍኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሸማኔው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሳልፍ ቀና ብለው ያዩኛል፤ ሊሉኝ የፈለጉትን ግን መናገር አይችሉም። አንቺም መታኝ ካልሽ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ። የሚነጋገሩት ግን ስለ ዱላው ነው። ባልሽን ይቅርታ ያስጠይቁታል፣ መርቀው ይሄዳሉ። ዝምታው እቤትሽ ይቀራል፤ አሁን ደግሞ የሚቀየምበት ምክንያት አለው። ለመሆኑ ለዝምታ ማንም አይሰበሰብልኝም ያልሽው ጠይቀሻቸው ነው ወይስ ገምተሽ? እኔም ገምቼ ነበር።»