ከሚስማሩ ላይ የወረደው ቺንጋ

በመስከረም መጀመሪያ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ እምድብር ገበያ አጠገብ ባለው የሙርጋ ቢላ ቤት ሦስት ሰዎች ነበርን፤ ቢላ ሠሪው ሙርጋ፣ ሚስቱ ትርፌ፣ እና ለቢላዎቹ የእንጨት እጀታ የምሠራው እኔ። ዛሬ በሰፈራችን፣ አንድ ሰው በዕድሜ ብዛት ዝም ማለቱን አይቶ «ገር ሆኗል» ብሎ የሚዘናጋ ሲገኝ የሚነገር አንድ አባባል አለ። አባባሉን ብዙ ሰው ይናገረዋል፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የመጣው ከዚያ ሳምንት ነው።

መስቀል እየደረሰ ነበር። በእኛ አገር ለመስቀል ክትፎ የማይከተፍበት ቤት ስለሌለ፣ ሥጋ ቤቶቹም አዳዲስ ቢላ የሚገዙት ያን ጊዜ ነው። በዚያ ዓመት ግን ከውጭ የሚመጣውን ባለ ላስቲክ እጀታ ቢላ መግዛት ጀምረው ነበር። ሙርጋ ክረምቱን ሙሉ የሠራው ማጭድ ብቻ ነው። ስለዚህ የሥጋ ቤቶቹ ሽማግሌ ወደሆኑት ወደ ጋሼ ዳሞ ሄዶ ለመናቸው።

ጋሼ ዳሞ ብዙ አልተናገሩም። «አንድ ቢላ ሠርተህ ሐሙስ አምጣ» አሉት። «የአንድ በሬ ታፋ ከአጥንቱ ለይቶ፣ ክትፎውንም ከትፎ፣ ሞረድ ሳይነካው ከጨረሰ አሥራ አንዳችንም ሥጋ ቤቶች ካንተ እንገዛለን። ካልጨረሰ እኛም እንተወው፤ አንተም ተወው።»

ሙርጋ ነገሩ ካልሆነለት ቤቱን ዘግቶ ወደ አባቱ እንሰት ሊመለስ ቆርጦ ነበር። ለትርፌ ነግሯታል፤ ለእኔም ነግሮኛል።

ረቡዕ ጠዋት ቢላው ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ከመኪና ባሊስትራ ተቀጥቅጦ፣ ግሎ፣ ዘይት ውስጥ ገብቶ ጠንክሯል። የቀረው ሞተሩ ላይ መሳል ነው። ሞተሩ የሚያዞረው አንድ ፊቱ ላይ እንደ አሸዋ ያለ ሻካራ ደቃቅ የተጣበቀበት የጨርቅ ቀበቶ አለ፤ እኛ ቺንጋ እንለዋለን። በጀርባው ቁጥር ተጽፎበታል። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ሻካራ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር እየለሰለሰ ይሄዳል። ሙርጋ በስልሳ ይጀምራል፣ በመቶ ሃያ ስለቱን ያቀጥናል፣ በሁለት መቶ አርባ ይጨርሳል። ያን ቀን መቶ ሃያው ከመጋጠሚያው ተበጥሶ መሬት ላይ ወድቆ አገኘው።

«ወልቂጤ ሄደህ ሌላ አምጣ» አለችው ትርፌ።

«ቀኑ ነገ ነው። መንገድ ለመንገድ ስዞር ልዋል?»

«በአሁኑ መኪና ብትሄድ ከሰዓት ትመለሳለህ።»

«ለምን ብዬ?» አለና ከግድግዳው ሚስማር ላይ አንድ አሮጌ ቺንጋ አወረደ። «እስቲ ንኪው። ስልሳ ነበር። አርጅቶ አርጅቶ መቶ ሃያ ሆኗል።»

ትርፌ በመዳፏ ዳሰሰችው። «ለስላሳስ ለስላሳ ነው» አለች። «ያንተም ጉንጭ ከተላጨህ በኋላ ለስላሳ ነው፤ ቢላ ግን አይስልም።»

እኔ ሳቄን ለመደበቅ እጀታ ወደምሞርድበት ዞርኩ። ሙርጋ ግን አልሳቀም። በዚያ ሚስማር ላይ ወደ ሃያ የሚሆኑ አሮጌ ቺንጋዎች ተሰቅለው ነበር፤ አንድም ጥሎ አያውቅም። ይህ ንፍገት አልነበረም። አባቱ ዕድሜ ልኩን ቢላ የሳለው በድንጋይ ነው። የመሳያ ድንጋይ ደግሞ ባረጀ ቁጥር ስለት ያሳምራል፤ የመጨረሻውን ስለት የሚያወጣው ከሁሉም የቆየው ድንጋይ ነው። «ያረጀ ድንጋይ የጣለ አባቱን ጣለ» እያለ ነው ያሳደገው። ሙርጋም የድንጋዩን ሕግ ለቺንጋው ሰጠው።

«ጋሼ ዳሞስ?» አለች ትርፌ። «ያልጣማቸውን ቢላ ከነሠሪው መንገድ ላይ ይወረውሩ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ።»

«ድሮ ነዋ! አሁን እኮ አርጅተዋል። ሰው ሲነዘንዛቸው እንኳ ዝም ብለው ነው የሚያዩት። እሳቸውም እንደዚህ ቺንጋ ለስልሰዋል። ትንሽ ጉድለት ቢያገኙ ያልፉኛል።»

ትርፌ ባልዲውን ውሃ ሞልታ አጠገቡ አስቀመጠችለትና ወጣች።

ሙርጋ ያረጀውን ስልሳ አጠለቀና ሞተሩን አስነሣ። አዲስ ቺንጋ ብረት ሲነካ ይነክሳል፤ የእሳት ፍንጣሪው ወደ ታች ይዘንባል። ይህ ግን አልነከሰም። ብረቱ ላይ ይንሸራተታል፤ ፍንጣሪ የለም፣ ሽታ ብቻ ነው። ሙርጋ ጫን አለ። አሁንም አልነከሰም። በሁለት እጁ፣ በትከሻውም ጭምር ተጫነው። ባልዲው ውስጥ ሲነክረው ውሃው ጮኸ። አንዴ ቀና ስል ስለቱ ጫፍ ላይ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ ቀለም አየሁ፤ ቀጥሎም ሰማያዊ ሆነ።

«ሙርጋ» አልኩት፣ «ጫፉ ጠቆረሳ።»

«ቀለም ነው። በሁለት መቶ አርባው ይለቃል።»

እውነቱን ነው፤ ለቀቀ። የወይራ እጀታ ሠራሁለት፣ በሦስት ችንካር አሰርኩት። ቢላው መስታወት መሰለ። የጠቆረው ነገር ከልቤ ባይጠፋም ደግሜ አልተናገርኩም።

ሐሙስ ጠዋት ጋሼ ዳሞ ታፋውን ከመንጠቆ አውርደው ቢላውን ተቀበሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። በመጀመሪያ ቢላው ሥጋውን እንደ ቅቤ ሰነጠቀው፤ ሙርጋም ወደ እኔ አየ። ጅማቱ ጋ ሲደርሱ ግን ጋሼ ዳሞ እጃቸውን አዘገዩ። ታፋውን እንደምንም ጨርሰው ወደ ክትፎው ጣውላ ሄዱ። ሠላሳ ጊዜ ያህል ከተፉና አቆሙ። ሥጋው አልተከተፈም፤ ተጨፍልቋል። ስለቱን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ዳሰሱት።

«ሙርጋ፣ የቢላህ ስለት ተኝቷል» አሉ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ሞረድ ቢነኩት…»

«ሞረድ አይነካውም ብዬህ ነበር።»

«ለመጀመሪያ ጊዜ እኮ ነው። ይለፉኝ፣ ጋሼ።»

ጋሼ ዳሞ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ቢላውን አነሡና በአንጸባራቂው ፊት ላይ ጢማቸውን አዩ። «ፊቴን አይቼበታለሁ፤ እግዜር ይስጥህ። ቤትህ ውሰድና ግድግዳ ላይ ስቀለው፤ ትርፌ ፀጉሯን ትሠራበታለች።» ደጃፉ ላይ የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም።

ሙርጋ ቢላውን ይዞ አልወጣም። ጣውላው ላይ ያለውን ሞረድ አነሣና በስለቱ ጫፍ ላይ ገፋው። ሞረዱ ሳሙና እንደነካ ገባ። ከእጀታው አጠገብ፣ ቺንጋው ብዙ ባልነካው በኩል ሲሞክር ግን ሞረዱ ተንሸራተተ፤ እዚያ ብረቱ እንደጠነከረ ነው። እንደገና ጫፉን፣ እንደገና ሥሩን ሞከረ። ከዚያ ቀና አለ።

«ብረቱን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ዘይት ውስጥ ጠንክሮ የወጣውን በሙቀት መልሼ አለሰለስኩት። ባሊስትራው ጥፋት የለበትም። እስከ ቅዳሜ ጠዋት ይስጡኝ። ከእንግዲህ ይለፉኝ አልልም፤ ቀን ብቻ ይስጡኝ።»

ጋሼ ዳሞ ሞረዱን ከእጁ ወሰዱ። «ሱቁን የምከፍተው በአንድ ሰዓት ነው» አሉ። «በአንድ ሰዓት ተኩል እንዳትመጣ።»

እኛም ወዲያው ወልቂጤ ወረድን። ባለ ሱቁ ቺንጋ ሲጠየቅ መጀመሪያ ያወጣው ጀርባው ወረቀት የሆነውን ነው።

«ይሄ በብዛት ይሄዳል» አለ።

ሙርጋ አጥፎ ሲያየው ከእጥፋቱ ላይ ደቃቁ ረገፈ። «ይሄ ለእንጨት ይሁን» አለና መለሰለት። «ጀርባው ጨርቅ የሆነውን አምጣ።»

«መቶ ሃያ ነው የምትፈልገው? ስልሳ በደንብ ይበላል፤ ቆይቶ ራሱ ይለሰልስልሃል።»

ሙርጋ ይህን ሲሰማ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ እያንዳንዱን ቺንጋ ከባንኮኒው ላይ ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃኑ ወሰደው። መጋጠሚያውን በጣቱ ዳሰሰ፤ ጉብ ያለው ቢላውን ያዘልለዋል ብሎ ሁለቱን መለሰ። በጀርባው ያለውን፣ በየት በኩል እንደሚዞር የሚያሳየውን ቀስት ፈለገ። በመጨረሻም አዲስ ስልሳ፣ ሁለት አዲስ መቶ ሃያ፣ አዲስ ሁለት መቶ አርባ መረጠ። ባለ ሱቁ፣ «ሚስት ነው እንዴ የምትመርጠው?» አለው።

«ሚስትስ ስመርጥ ተሳክቶልኛል» አለ ሙርጋ። «ምክሯን መስማት ነው ያቃተኝ።»

ዓርብ ከዚያው ባሊስትራ ሌላ ቢላ ቀጠቀጠ። ሲስል ጓንት አላደረገም። ጣቶቹን ከስለቱ ጀርባ አስጠግቶ፣ «ጣቴ ካልቻለው ብረቱም አይችለውም» እያለ፣ አንድ ጊዜ አስነክቶ አንድ ጊዜ ውሃ ይነክራል። የስልሳው ጭረት እስኪጠፋ ድረስ ከመቶ ሃያው አልወጣም። መቶ ሃያው መንከስ ሲያቆም አልተጫነውም፤ አውልቆ ሁለተኛውን መቶ ሃያ አጠለቀ። ትርፌ ውሃውን ስድስት ጊዜ ቀየረች። እኔም እጀታውን እያሰርኩ ስለቱን ከጫፍ እስከ ሥር አየሁት፤ አንድም ቦታ አልጠቆረም። ቢላው እንደ መጀመሪያው አያብለጨልጭም ነበር።

ቅዳሜ በአንድ ሰዓት ደረስን። ጋሼ ዳሞ ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳይሰጡን ታፋ አወረዱ። ሥጋውን ከአጥንቱ ለዩ፣ ጅማቱን ጎተቱ፣ ወደ ጣውላው ሄደው ከተፉ። ሠላሳ አለፈ፤ መቶ አለፈ፤ መቁጠሬን ተውኩ። ሲጨርሱ የግራ ክንዳቸውን ፀጉር በቢላው ጫፍ ነኩት፤ ፀጉሩ ወደቀ።

«ምን አደረግህ?» አሉት።

ሙርጋ ከኪሱ ያንን ያረጀ ስልሳ አውጥቶ ጣውላው ላይ አኖረው። «በዚህ ስዬ ነበር፣ ጋሼ። ሲዳስሱት ለስላሳ ነው። መቶ ሃያ የሆነ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጥርሱ ነው ያለቀው።» ከዚያም ጨመረ፤ «እርስዎም እንደዚሁ የለሰለሱ መስሎኝ ነበር። አርጅተዋል፣ ያልፉኛል ብዬ።»

ጋሼ ዳሞ ቺንጋውን አነሡ፣ በመዳፋቸው አገላብጠው ዳሰሱት፣ ያን ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜም ሳቁ።

በዚያው ቀን አሥራ አንዱ ሥጋ ቤቶች ቢላ አዘዙ፤ ሙርጋ ቤቱ ገብቶ አሮጌዎቹን ቺንጋዎች ሁሉ ከሚስማሩ አወረደ፤ ጋሼ ዳሞ ግን በእጃቸው የቀረችውን አንዷን ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ሰቀሏት፣ ጉድለት እንዲያልፉለት የሚለማመጣቸው ሰው በመጣ ቁጥርም ወደ እሷ እያሳዩ «ሻካራ ቢያረጅ ለስላሳ አይሆንም» ይሉት ጀመር።