የአንበሳው ቦይለርና የተቆረጠችው ሽቦ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ቤት ሠርተው መብራት ባስገቡበት ዘመን፣ ቁርጥማት የያዘው አንድ ያረጀ አንበሳ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በሙቅ ውሃ ካልታጠበ እግሩ አይታዘዝለትም። የመታጠቢያ ቤቱ ኃላፊ አህያ ነበረች። ሲሾማት «ውሃው የቀዘቀዘ ቀን ቁርሴ አንቺ ነሽ» ብሏታል፤ አንበሳ ደግሞ በቁርስ ጉዳይ አይቀልድም።

አንድ ሳምንት ቦይለሩ አመል አወጣ። ሲያበሩት ጥቂት ይሠራና ግድግዳው ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ቆራጩ ብሬከር ቀጭ ብሎ ይወርዳል። አህያ ታነሳዋለች፤ መልሶ ይወርዳል። ሐሙስ ዕለት ጭንቅ ሲላት ጥገና እናውቃለን ባዮቹን ጅብንና ቀበሮን ጠራች።

«ምሳ አለ?» አለ ጅብ ገና ከበር ሳይገባ። የመጣበት ጉዳይ ሲነገረው ሳቀ። «የሚወርድ ነገር ይታሰራላ!» ብሎ ብሬከሩን ወደ ላይ በጠፍር ጠፍሮ አሰረው። ብሬከሩ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ውስጡ ግን ኤሌክትሪኩን ቆርጦታልና ውሃው ያው ቀዝቃዛ ነው። ጅብ «ቆሟል እኮ!» እያለ ሲከራከር ዋለ።

«ዘወር በል አንተ!» አለች ቀበሮ ጠፍሩን እየፈታች። «እመት አህያ፣ አንቺም ውጪልኝ። ስሠራ የሚያየኝ አልወድም።»

አህያ ስትመለስ ብሬከሩ ሳይወርድ ቆሟል፣ ውሃውም ፈልቷል። ደስ አላትና ቧንቧውን በአፏ ልትዘጋ ስትሞክር ከከንፈሯ እስከ ኮቴዋ ነዘራት።

«እመት ቀበሮ፣ ቧንቧው ይነዝራል!»

«የማን ቤት የማይነዝር አለ? እኔም ቤት ይነዝራል። የጎማ ነጠላ ጫማ አድርጊ፣ በደረቅ ጨርቅ ያዢው፣ ትለምጂዋለሽ።»

«እኔ እኮ አራት እግር ነው ያለኝ!»

«ሁለት ጥንድ ግዢያ» ብላ ቀበሮ ሄደች።

አህያ ግን አልለመደችውም። ዓርብ ጠዋት ብሬከሩን አወረደችና የቦይለሩን የታች ክዳን ፈታች። ውሃ እንዳያፈስ የሚያትመው ጎማ፣ ጎሚኒው፣ አልቆ ውሃ በሽቦዎቹ ላይ ይንጠባጠባል። ወደ መሬት የምትወርደው አረንጓዴ ሽቦ ደግሞ በጥርስ ተበጥሳለች። አሁን ገባት። ብሬከሩ ይወርድ የነበረው፣ የሚያመልጠውን ኤሌክትሪክ ያቺ ሽቦ ወደ መሬት ስትወስደው ማምለጡን ስለሚያውቅ ነው። ቀበሮ ብልሽቱን ትታ ሽቦዋን ቆረጠች፤ ኤሌክትሪኩም መውጫ አጥቶ የሚታጠበውን ይጠብቃል።

አዲስ ጎሚኒ የሚገኘው ሰኞ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ነገ። ዝም ብትል ውሃው ይፈላል፣ እሷም ትተርፋለች። አንበሳው ቢሞትስ ማን ያለቅሳል? ሌሊቱን ሙሉ ይህንን ስታወጣ ስታወርድ አደረች።

ጠዋት አንበሳው ፎጣውን አንጠልጥሎ መጣ። ጅብና ቀበሮ ምስጋና ለመቀበል ተሰልፈዋል። አህያ በሩ ላይ ቆመች።

«ጌታዬ፣ አጥፍቼዋለሁ። ዛሬ ሙቅ ውሃ የለም። ቦይለሩ ይገድላል።»

«ምቀኝነት ነው ጌታዬ!» አለች ቀበሮ፤ ዘላ ገብታም ብሬከሩን አነሳችው።

«እንግዲያው እሷ ትቅደም» አለች አህያ። «በባዶ እግሯ ትታጠብ።»

አንበሳው ወደ ቀበሮ ዞረ። ቀበሮ ሳል ሳል አላት። «እኔ እንኳ... ጉንፋን ይዞኛል።»

«ከታጠብኩ ቁርስ አለ?» አለ ጅብ።

«አትግባ!» ብላ አህያ ጮኸች። ጅብ ግን ቁርስ ያለ ቦታ ምክር አይሰማም። ገብቶ እርጥቡ ወለል ላይ በባዶ እግሩ ቆሞ ቧንቧውን እንደ ነካ አንድ ጩኸት ተሰማና በጀርባው ተወርውሮ ወጣ፤ ፀጉሩ ሁሉ ቆሟል። በዚያው ቅጽበት ኤሌክትሪኩ በጅብ ገላ ወደ መሬት ሲያመልጥ ብሬከሩ ወረደ፤ ጅብን ያተረፈውም ይኸው ነው።

«ቁርሱስ?» አለ ጅብ መሬት ላይ እንደ ተዘረረ።

ቀበሮ በመስኮት ወጥታ ጠፍታለች። አንበሳው የራሱን ባዶ እግር አየ፤ ቀጥሎም አህያን።

«ዝም ብትዪ እኮ ከእኔም ትገላገዪ ነበር።»

«አስቤው ነበር ጌታዬ» አለች አህያ።

አንበሳው «ሰኞ ድረስ እጠብቃለሁ» አለና ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ እያነከሰ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ስለ ቁርስ አስፈራርቷት አያውቅም።

ከዚህ የምንማረው ብልሽትን የሚነግረንን ዝም ማሰኘት ጥገና እንዳልሆነ፣ እየፈራም ቢሆን እውነቱን የሚነግረን ግን ሕይወታችንን እንደሚያተርፍ ነው።