የሁዳዴ ወተት

ተረት ተረት፤ የጓዳ ወተት!

በአንድ ጓዳ ውስጥ ጥላዋን እንኳ የማታምን አሮጊት አይጥ ነበረች። በሁዳዴ አንድ ቀን ከጉድጓዷ ብቅ ስትል ከማሰሮው አጠገብ ሳህን ሙሉ ወተት ተቀምጧል።

«እትዬ፣ ሲሳይ ወረደልን!» አለች ጎረቤቷ፣ ያገኘችው ሁሉ ከሰማይ የወረደ የሚመስላት ወጣት አይጥ።

«ቆይ እስቲ» አለች አሮጊቷ። «ሰዎቹ ሲጾሙ ወተቱን የምትልሰው ድመቷ ናት። ዛሬ ምን ነክቷት ተወችው?»

ከማሰሮው ጀርባ የድመቷ ለስላሳ ድምፅ ተሰማ፦ «እኔም ጾም ይዤ ነው፣ ልጆቼ።»

«ሥጋስ ትተዋል፣ እሜቴ?» ስትል አሮጊቷ ጠየቀች።

«ለጊዜው በወተቱ ጀምሬያለሁ» አለች ድመቷ።

አሮጊቷ ወደ ኋላዋ አፈገፈገች። ወጣቷ ግን ጾም የሚለውን ብቻ ሰምታ ወደ ሳህኑ ሮጠች። ገና አፏን ሳታረጥብ ድመቷ ዘላ አነቀቻትና ይዛት ወጣች።

አሮጊቷ ግራ ቀኙን አየች። የድመቷ አፍ አሁን ሥራ ላይ ነው። ቀስ ብላ ወጥታ ሳህኑ እስኪያብረቀርቅ ላሰችውና ጺሟን ጠረገች።

«ለካ እውነቷን ኖሯል» አለች፤ «ሲሳይ ነው።»